ባለ ወንበሯ የመጣች ጊዜ

እሁድ፣ 3

ነገ አዲሷ ርዕሰ መምህርት ትመጣለች። የእንኳን ደህና መጡ ንግግሩን የማደርገው እኔ ነኝ። ንግግር አዋቂ ሆኜ አይደለም፤ ከመምህራኑ ሁሉ አሮጊቷ እኔ ስለሆንኩ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ሒሳብ። ስድስት አለቆች ተቀብዬ ስድስቱንም ሸኝቻለሁ። የመጨረሻውን፣ ልጆቹ «ፊሽካ» የሚሉትን፣ የሸኘን ዕለት አበባ ያበረከትኩት እኔ ነበርኩ፤ ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ ፊቴን በአበባው ከልዬ።

ፊሽካ በኮሪደሩ ለተማሪም ለመምህርም እኩል ነበር የሚነፋው። እሱን እችለው ነበር። ያልቻልኩት የእጅ ሥራ መምህሩን ነገር ነው። ዓይኑ መድከሙ እንደታወቀ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወረው፤ ጠመኔና መጥረጊያ እንዲያድል። አንድ ቀን ጠመኔ ልወስድ ስገባ በመደርደሪያዎቹ መካከል እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ አገኘሁት። «እንዴት ነህ?» አልኩት። «አለሁ» አለኝ። ሦስት ወር ሳይሞላው ሥራውን ለቀቀ።

ንግግሩን ለባለቤቴ አነበብኩለት። አንድ ነገር አለኝ። «ምን?» አልኩት። ደገመው፤ አሁንም አልገባኝም። ይህ ሰው አፉ ውስጥ ማጉረምረም አብዝቷል። ፖስታ ቤት ቀኑን ሙሉ ከደብዳቤ ጋር እየዋለ ከሰው ጋር ማውራት ረስቷል። በመጨረሻ በመዳፉ «ዝቅ፣ ዝቅ» የሚል ምልክት አሳየኝ። እየጮህሽ ነው ማለቱ ነው።

ሰኞ፣ 4

ንግግሩ በሰላም አለፈ።

ሴትዮዋ ረጅም ናት፣ ፀጉሯን አጭር ተቆርጣለች፣ ከእኔ አስር ዓመት ብታንስ ነው። ድምጿ ግን ጥጥ ነው፤ ከአፏ ሳይወጣ የሚቀር ይመስላል። ስጨርስ ጨበጠችኝና ፈገግ ብላ አንድ ነገር አለችኝ። «አመሰግናለሁ» አልኳት። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። ትክ ብላ ፊቴን አየችኝ።

ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገረች። አብሮ ስለመሥራት መሰለኝ። ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጨብኩ።

ቁጭ ብሎ መስማት እንዲህ የሚያደክመኝ ከመቼ ወዲህ ነው? ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ሐሙስ፣ 7፣ በእረፍት ሰዓት

ቅጽል ስም ወጥቶላታል፤ «ባለ ወንበሯ»። ከቢሮዋ አንዲት ቀላል የእንጨት ወንበር አንጠልጥላ ክፍል ትገባለች፣ ኋላ ትቀመጣለች፣ ታዳምጣለች፣ ወንበሯን አንጠልጥላ ትወጣለች። የተማሪ ቦታ ላለመያዝ ነው አሉ። ማስታወሻ አትይዝም። የእኔ ተራ ገና ነው። ደወል...

ማክሰኞ፣ 12

እውነቱን መመስከር አለብኝ፤ ሴትዮዋ ጥሩ ሰው ናት። የመምህራን ማረፊያው መስኮት ሁለት ዓመት በካርቶን ተደፍኖ ኖሮ መስታወት ገባለት። የስድስተኛ ክፍሏ መምህርት ልጇ ሲታመምባት ባለ ወንበሯ ሦስት ቀን ራሷ ተክታ አስተማረችላት። ጠዋት በር ላይ ቆማ አርፋጁን ደህና አደርክ ትላለች እንጂ አታሳድድም። ትናንት በስብሰባው ላይ «ከሥራችሁ ሁሉ በጣም የሚያደክማችሁ ምንድን ነው?» ብላ ሰሌዳ ላይ ጻፈችና በየተራ ጠየቀችን። በሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ተራዬ ሲደርስ «ፈተና ማረም» አልኩ። ውሸት ነው። ወረቀት አያደክመኝም። ወረቀት የሚለውን ቁልጭ አድርጎ ነው የሚለው።

የሳይንስ መምህሩ በንግግሬ ቀን ለምን እንደተሳቀ ሻይ ስንጠጣ ነገረኝ። ይህ ሰው ክፍሉ ከክፍሌ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ሳይቀልድ መዋል አይችልም፣ እትዬ ነው የሚለኝ። ለካ ሴትዮዋ «መጀመሪያ ምን እንድሠራልዎት ይፈልጋሉ?» ብላኝ ኖሯል።

«አመሰግናለሁ ሲሏት እኮ አርፈሽ ተቀመጪ ያሏት ነው የመሰለው እትዬ! ሰው ጨዋታ አደረገልዎት።»

«ጨዋታ ነዋ!» አልኩት።

እሱ ራሱ ጨዋታ አያልቅበትም። ደወል ሲደወል የጋራ ግድግዳችንን ሁለት ጊዜ በመዳፉ ይመታል፤ ሰሌዳዬ ሲነቃነቅ አያለሁ። ባለፈው ዓመት የጀመረው ቀልድ ነው። የእኛ ኮሪደር ደወል ደካማ ስለሆነ ይጠቅመኛል።

ሐሙስ፣ 14

ዛሬ መጣችብኝ። ሰባተኛ ለ፣ ሃምሳ አራት ልጆች፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ።

ጽፌ ስዞር አንዲት ልጅ ቆማለች፤ ዝምተኛዋ። ከመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ፣ እናቷ ልብስ ሰፊ የሆነች፣ ደብተሯ ከክፍሉ ሁሉ የነጻ ልጅ ናት፤ ዓመቱን ሙሉ ግን ድምጿን አውጥታ አታውቅም። ከቀን ሁሉ ዛሬን መርጣ ተነሳች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እኔ ልቤ ኋላ ካለችው ሴትዮ ጋ ነበር፤ «ጎበዝ፣ ተቀመጪ» አልኳት። ተቀመጠች። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ስንወጣ ባለ ወንበሯ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ቀስ ብላ፣ «ልጅቷ ሰሌዳው ላይ ስህተት እንዳለ ነበር የነገረችዎት» አለችኝ። ተመልሼ አየሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ የመደመር ምልክት ዘልያለሁ።

«ጎበዝ ያልኳት ለዚህ ነው» አልኩ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«የመንገዱ ጫጫታ አይረብሽዎትም?»

«ለምጄዋለሁ።»

ራሷን ነቀነቀች። ምን ማለቷ ነው? ምን ነበር ያየችው?

ሰኞ፣ 18

ክፍሌን ተቀማሁ። አስራ አራት ዓመት ካስተማርኩበት ክፍል ወደ ጓሮው፣ አትክልቱ አጠገብ ወዳለው ተዛወርኩ። ዴስኮቹም በረድፍ መሆናቸው ቀርቶ ግማሽ ክብ ሆነው ተደርድረዋል፤ ሃምሳ አራት ፊት በአንዴ እኔን ያየኛል። ማንም ከኋላ መደበቅ አይችልም፤ እኔም መደበቂያ የለኝም። የሳይንስ መምህሩንም አጠገቤ አዛውራዋለች። እሱን ደግሞ ለምን? ቢሮዋ ሄጄ ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት።

ዕቃ ግምጃ ቤቱ ከአዲሱ ክፍሌ አስራ ሁለት እርምጃ ነው። ቆጠርኩት።

ያን ሁሉ ንግግር ሦስት ጊዜ የጻፍኩላት ሴትዮ!

ዓርብ፣ 22

የሰባተኛ ሀና ለ የጥያቄና መልስ ውድድር በሚቀጥለው ዓርብ ነው። ያሸነፈው ትምህርት ቤቱን ወክሎ ከሌሎች ጋር ይወዳደራል። ዳኛዋ እንደ ሁልጊዜው እኔ ነኝ። ባለ ወንበሯ አስጠርታ «አጠገብዎ አንድ ሰው ቢቀመጥስ? ሁለት ሆናችሁ ብትዳኙ ይቀላል» አለችኝ።

«አስራ አንድ ዓመት ብቻዬን ዳኝቻለሁ። አንድ ቀን አቤቱታ ቀርቦብኝ አያውቅም» አልኩ።

«አውቃለሁ። ለድካምዎ ብዬ ነው።»

«አልደከመኝም።»

በሩን ስዘጋው ድም ሳያደርግ አልቀረም፤ ጸሐፊዋ ከወንበሯ ብድግ አለች።

ለ ክፍልን የሚወክሉት ሦስት ልጆች ታወቁ። አንዷ ዝምተኛዋ ናት። ማንም አልመረጣትም፤ ራሷ መጥታ ተመዘገበች። ስሟን ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝና ወረቀቱን ሳትለቅ ትንሽ ቆየች።

እሁድ፣ 24

ልጄ ከምትኖርበት ከተማ ደወለች። መስመሩ እንደ ሁልጊዜው አይረባም። ሁለት ሦስት ጊዜ «እሺ፣ እሺ» ብዬ ስልኩን ለአባቷ ሰጠሁት። መስኮቱ ጋ ቆሞ ረጅም ጊዜ አወራት። ለእሱ ሲሆን መስመሩ ይስተካከላል።

ምን አለች ስለው ጋዜጣው ጫፍ ላይ ጻፈልኝ፤ «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኛል፣ ናፍቃችሁኛል።» ለምን እንደሚጽፍ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። የፖስታ ቤት አመል ነው።

ዓርብ፣ 29፣ ከሰዓት በኋላ

አለቀ። ሀ አሸነፈ። አዳራሹ እንደ ገበያ ነበር። ሥርዓት የለም። ባለ ወንበሯ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስብሰባ ተጠርታ አልነበረችም። ራሴን አሞኛል።

ቅዳሜ፣ 30

ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

እኩል ለእኩል ነበሩ። የመጨረሻው ጥያቄ የደረሰው ለ«ለ» ክፍል ነው። «ሦስቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን፣ እያንዳንዱ ማዕዘኑ ስንት ዲግሪ ነው?» ብዬ አነበብኩ። ዝምተኛዋ ተነሳች። ድምጽ ማጉያውን በሁለት እጇ ያዘች። መለሰች።

ሰላሳ ነው ያለችው። «ስህተት» አልኩ። ጥያቄው ወደ ሀ ዞረ፤ ጎረምሳው ብድግ ብሎ «ስልሳ!» ብሎ ጮኸ፤ ነጥቡን ሰጠሁት። ከዚያ ሰው ሁሉ መጮህ ጀመረ። እኔ ደስታ መስሎኝ ነበር።

የሳይንስ መምህሩ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ አንድ ነገር አለኝ። ጫጫታው ስለበዛ አልያዝኩትም። «የዳኛ ውሳኔ የመጨረሻ ነው» አልኩ። ደንቡ እንደዚያ ይላል፤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ድምጽ ማጉያውን አስቀመጠችና አፌን አየችው። ዓይኔን አላየችም፤ አፌን ነው ያየችው።

ሰላሳና ስልሳ አፍ ላይ ይመሳሰላሉ። ግን ሰላሳ ነው ያለችው።

ሰኞ፣ 2

ባለ ወንበሯ ጠራችኝ። በሩን ዘጋች፤ ከጠረጴዛው ወዲህ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ልጅቷ ምን ብላ መለሰች?»

«ሰላሳ።»

«እንደዚያ ነው የሰሙት?»

«እንደዚያ ነው ያለችው።»

«እሺ። የዳኛን ውሳኔ የሚለውጠው ዳኛው ራሱ ነው ይላል ደንቡ። የተወዳዳሪዎቹ ስም የሚላከው ዓርብ በስድስት ሰዓት ነው። እስከዚያ ቢሮዬ ክፍት ነው።»

ብትቆጣኝ መልስ ነበረኝ። ይህን «እሺ» ግን እስከ ቤቴ ድረስ ይዤው ሄድኩ።

ረቡዕ፣ 4

ሃምሳ አራት ደብተር አረምኩ። የዝምተኛዋ ውስጥ የቤት ሥራው በሙሉ ልክ ነው። ከታች ምንም የለም። ምን ጠብቄ ነበር?

ኮሪደር ላይ ሁለት መምህራት ሲያወሩ ሳልፍ ዝም አሉ። ወይም ዝም ያሉ መሰለኝ።

ዓርብ፣ 6፣ አምስት ሰዓት ተኩል

የሚቀረው ግማሽ ሰዓት ነው። ቢሮዋ በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ክፍል አለኝ።

ዓርብ፣ 6፣ ማታ

ስሙ ተላከ።

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ የዋሸሁት ነገር አለ። የዚያን ቀን የሳይንስ መምህሩ ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ የተናገረውን አልያዝኩትም ብያለሁ። እውነት ነው፣ አልያዝኩትም። እሱ ግን እንዳልያዝኩት ገብቶት በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ጻፈልኝ። ስድስት፣ ዜሮ። አይቼዋለሁ። ሁለት መቶ ልጆች እያዩኝ ነበር። «ተሳስቻለሁ» ብል «እንዴት?» ይላሉ። እንዴት ለሚለው መልስ የለኝም። ያለኝ መልስ ደግሞ ወደ ግምጃ ቤቱ አስራ ሁለት እርምጃ ነው የሚያስኬደኝ።

በአንዲት የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ ተከለልኩ።

እሁድ፣ 8

ከልጄ መልእክት መጣ፤ «እማዬ፣ ምን አድርጌሽ ነው? በደወልኩ ቁጥር ስልኩን ለአባዬ ትሰጪዋለሽ። ተቀይመሽኝ ከሆነ ንገሪኝ።»

አምስት ጊዜ አነበብኩት። «መስመሩ ነው የኔ ልጅ» ብዬ ጻፍኩ። አልላክሁትም።

ቅዳሜ፣ 14

ሀዎች ሄደው አራተኛ ወጡ። ጸሐፊዋ ናት የነገረችኝ። ዝምተኛዋ ሁለት ሳምንት ሙሉ እጇን አላነሳችም። ድሮም አታነሳም ነበር እያልኩ ራሴን ሳጽናና ነው የከረምኩት።

ሰኞ፣ 16

የሳይንስ መምህሩ ታሞ ቀርቶ ነበር። እኔ አላወቅኩም። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ ክፍልፋይ። ጽፌ አስረዳሁ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና ጻፍኩ። ልጆቹ እንዲህ ጨዋ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ማንም አይንቀሳቀስም። አንዳንዶቹ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ይዘዋል። አንዱ በሩን ያያል፣ እኔን ያያል። ምን ነካቸው እያልኩ ቀጠልኩ።

ዝምተኛዋ ተነሳች። ወደ ሰሌዳው መጣች። ጠመኔውን ከእጄ ቀስ ብላ ወሰደችና ከክፍልፋዮቹ በታች በዚያ ንጹሕ ጽሑፏ «ተደውሏል» ብላ ጻፈች። ከዚያ ጠመኔውን መለሰችልኝ።

በመስኮት አየሁ። ግቢው ባዶ ነበር። የጥበቃው ሰው በሩን ይዞ ቆሟል። ሰዓቴን አየሁ፤ አስራ ስምንት ደቂቃ አልፏል። አስራ ስምንት ደቂቃ ሙሉ ከሃምሳ አራት ልጆች አንድ እንኳ አልሳቀም፣ አንድ እንኳ አልተነሳም። ያውቃሉ። ሁሉም ያውቃሉ። ከመቼ ጀምሮ?

«ሂዱ» አልኩ። ሲወጡ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው ይሁን አይሁን ማወቅ አልቻልኩም።

እናቴ በመጨረሻ ዘመኗ አትሰማም ነበር። ሰው ይጮህባታል፣ እሷ የማይገናኝ ትመልሳለች፣ ሰው ይስቃል። የሰፈር ልጆች በር እያንኳኩ ምናምን ጠይቀዋት መልሷን እየሰሙ በሳቅ ይንከባለሉ ነበር። እኔ ያኔ አስራ አምስት ዓመቴ ነው። ከልጆቹ ጋር አልሳቅኩም። ግን ጓደኞቼ ቤት ሲመጡ እናቴን «አንቺ ጓዳ ሁኚ» እላት ነበር። በእጄ ወደ ጓዳው እያመለከትኩ። ትሄድ ነበር፤ ፈገግ ብላ ትሄድ ነበር።

ይኸው፣ ጻፍኩት። ጆሮዬ አይሰማም። ቀኙ ጭራሽ፣ ግራው በመጠኑ። ሦስት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም።

ማክሰኞ፣ 17

ጠዋት ማንም ሳይገባ ቢሮዋ ሄድኩ። ቁጭ ይበሉ እስክትለኝ አልጠበቅኩም።

«ስልሳ ነው ያለችው። እኔ አልሰማም። ጆሮዬ ነው» አልኩ። ሌላ ብዙ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ከዚያ በላይ አልወጣኝም።

ባለ ወንበሯ ፊቷ ተለወጠ፤ ሸክም የቀለለለት ሰው ፊት ሆነ። ወንበሯን ሳብ አድርጋ ፊት ለፊቴ መጣች።

«ከመጀመሪያው ቀን ጠርጥሬ ነበር» አለች። «ክፍልዎን የቀየርኩት ጫጫታው እንዲቀንስልዎት ነው። ዴስኩን በግማሽ ክብ የደረደርኩት የሁሉንም ፊት እንዲያዩ። የሳይንስ መምህሩን ያዛወርኩት ደግሞ ለግድግዳው ብዬ ነው።»

«ግድግዳውንም ያውቃሉ?»

«ኮሪደር ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። ምነው ግድግዳውን የምትደበድበው ስለው ቀልድ ነው አለኝ።»

አንገቴን ደፋሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ይህን ደብተር በሐሜቷ ሞልቼዋለሁ።

«ለምን ፊት ለፊት አልነገሩኝም?» አልኳት።

«ፈራሁ» አለች። «አንድ ሳምንት ያልሞላኝ ሰው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማሩ መምህርት ፊት ቆሜ አይሰሙም ልል አንደበት አጣሁ። ዙሪያውን ስዞር ከረምኩ። ከውድድሩም በኋላ ደንቡን ጥሼ ውጤቱን መለወጥ እችል ነበር። እርስዎን ላለማዋረድ ብዬ ልጅቷን ተውኳት። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው፤ ለእናቷም እንዲሁ ብዬ ነግሬያታለሁ።»

«እናቷ መጥታ ነበር?»

«ሁለት ጊዜ።»

ስንት ነገር ሳልሰማ አልፎኛል።

«ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የሚያስገቡኝ?» አልኩ በመጨረሻ። ድምጼ ምን ያህል እንደነበረ አላውቅም።

ግራ ገባት። «ምን ሊሠሩ? ሒሳቡን ይችሉት የለ እንዴ?» የእጅ ሥራ መምህሩን ታሪክ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «እኔ የምችለውን አደርጋለሁ» አለች። «ምርመራ እናስይዛለን። የሚያስፈልግዎትን ይንገሩኝ፣ እሟገታለሁ። ይቅርታውን ግን እኔ አልጠይቅልዎትም።»

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሻዩን አስቀመጠ። አልተደነቀም።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ሁለት ዓመት ይሆነዋል» አለኝ፤ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሽ ነበር። አልሰማሽኝም።»

ሁለታችንም ሳቅን። ቀድሞ ያቆመው እሱ ነው፤ እኔ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ዞሮብኝ ማቆም አቃተኝ። እጁን ጀርባዬ ላይ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ።

ለልጄ ረጅም መልእክት ጻፍኩላት። ይህኛውን ላክሁት።

ዓርብ፣ 20

ምርመራ። ግድግዳው በስፖንጅ በተለበጠ ጠባብ ክፍል አስቀመጡኝ፤ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ እጄ ላይ የሚጫኑት ቁልፍ። ድምጽ በሰማሽ ቁጥር ተጫኚ አሉኝ። ጥቂት ጊዜ ተጫንኩ። ከዚያ ረጅም ጸጥታ ሆነ፤ እስኪጀምሩ ጠበቅኩ። ስጨርስ ባለሙያዋ ወረቀቱን አሳየችኝ። ጸጥታ ባልኩት ውስጥ አስራ ሰባት ድምጾች ነበሩ።

የመስሚያ መሣሪያው እስኪደርስ ከአንድ ወር በላይ ይፈጃል። ያረጀሁ መሰለኝ። ደግሞም አርጅቻለሁ።

ሰኞ፣ 23

የጠዋት ሰልፍ ላይ ተናገርኩ። ባለ ወንበሯ አብራኝ ልትቆም ጠይቃኝ እንቢ አልኳት፤ ስወጣ ግን ከመስመሩ ዳር፣ በማየው በኩል ቆማ አገኘኋት።

የጻፍኩትን አነበብኩ። «በውድድሩ ቀን የሰባተኛ ለ ተማሪ ስልሳ ብላ በትክክል መልሳለች። እኔ በደንብ ስለማልሰማ ሰላሳ መሰለኝ። ስህተቴን ወዲያው አውቄ ነበር። ለማረም አንድ ሳምንት ነበረኝ፤ ስላፈርኩ ዝም አልኩ። ያሸነፈው ለ ክፍል ነበር። ልጅቷን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሰልፉ ምን እንዳለ አላውቅም። አንዳንዱ አፉን ከፍቶ ነበር፣ አንዳንዱ ጎረቤቱን ያይ ነበር። ከሀ ክፍል ያ ጎረምሳ አንገቱን ደፋ። እሱን አላሰብኩትም ነበር፤ እሱንም በድያለሁ።

ዝምተኛዋ ወደ መሬት ታይ ነበር። አንዴም ቀና አላለችም።

ክፍል ስንገባ አዲሱን ሥርዓት ነገርኳቸው። መናገር የፈለገ ይነሳ፣ ወደ እኔ ዞሮ ይናገር፤ ካልሰማሁ ይድገም፤ ካልሰማሁ ደግሞ መጥቶ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። አንዱ ቀልደኛ ተነሳና ከንፈሩን ብቻ አነቃነቀ። ክፍሉ ሲስቅ አየሁ። «ይህ ማታለል ነው፣ ተቀመጥ» አልኩት። እኔም ሳቅኩ። ደክሞኛል፤ ግን እንደ ሌላ ቀን ድካም አይደለም።

ሐሙስ፣ 26

ዛሬ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ ልጆቹ ወጥተው ሰሌዳ ሳጠፋ፣ ስዞር ዝምተኛዋ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማለች። ቦርሳዋን አቅፋ፣ አንገቷን ደፍታ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

የድሮው አመሌ ምላሴ ላይ መጣ፤ ጎበዝ፣ እሺ፣ አመሰግናለሁ። ሦስቱም ተራ ይዘው ተሰለፉ። ዋጥኳቸው።

«አልሰማሁሽም» አልኳት። «ቀና በይና ድገሚልኝ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ለማንም ሰው ተናግሬው አላውቅም።

ቀና አለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል። ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ፣ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው እያወጣች ተናገረች።

«ይቅርታ ብለዋል፣ ሰምቻለሁ። ግን አሁንም ተናድጄብዎታለሁ ነው ያልኩት፣ ቲቸር።»

«ልክ ነሽ» አልኳት።

«ከዚያ በፊት አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ሳምንት ሙሉ ነው የተለማመድኩት። እናቴ ፊት። መስታወት ፊት።»

«ይህን አላውቅም ነበር።»

ሌላ የምትለው ያለ መስሎኝ ጠበቅኩ። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ ወደ በሩ ሄደች፣ ወጣች። ደህና ዋሉ አላለችኝም።

ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። የተናገረችውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለራሴ ደገምኩት። አንድ ቃል አልጎደለብኝም።